ሰባት ቀን ብቻ የተሰጠው ሥራ፦ ሥዕልን በኮምፒዩተር ስለ ማንቀሳቀስ

ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲያችን አጠገብ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በትርፍ ጊዜያችን ጂኦግራፊ ስናስተምር፣ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጅዋን አንሥታ ያቀረበችው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ የዓባይን መንገድ በአንዲት ሰማያዊ መሥመር ያሳያል። ጣና ከታች፣ ካርቱም ከላይ ነው። ልጅቷም «ውሃው እንዴት አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን ለመሳቅ አልቻልንም፤ ምክንያቱም ካርታው ላይ ያለው መሥመር ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ምንም አይናገርም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ካርቱም 400 ሜትር እንኳ የማይሞላ መሆኑን፣ ሰሜንም በካርታ ላይ ከላይ የሚሆነው በልማድ ብቻ መሆኑን በቃል አስረዳን። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መረዳታቸው ግን አጠራጠረን።

በዚያኑ ቀን ማታ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስንወያይ፣ መሥመሩ ከጣና ተነሥቶ በዓይናቸው ፊት ቢጓዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ንግግር ባላስፈለገም ነበር የሚል ሐሳብ ተነሣ። እንግዲህ የሚያስፈልገን የሚንቀሳቀስ ካርታ ነው። ይህን የሚሠራው ጥበብ ሞሽን ግራፊክስ ይባላል። የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ታሪክ ይነግራል፤ ሞሽን ግራፊክስ ግን ፊደልን፣ መሥመርን፣ ቅርጽንና ካርታን በማንቀሳቀስ አንድን ነገር ያስረዳል። በቴሌቪዥን ዜና መክፈቻ ላይ የሚሽከረከረው ምልክት፣ በፊልም መጀመሪያ ላይ የሚወጡት ስሞች፣ በሕክምና ትምህርት ላይ የደም ዝውውርን የሚያሳየው ቀስት ሁሉ የዚሁ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

ጥበቡ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ሶል ባስ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. «ወርቃማ ክንድ ያለው ሰው» ለተባለው ፊልም መክፈቻ የሠራው፣ ነጫጭ የወረቀት ቁራጮች እየተንቀሳቀሱ የተሰባበረ ክንድ የሚሆኑበት ሥዕል ብዙ ሰዎችን አስደንቆ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ቨርቲጎ» በተባለው የሂችኮክ ፊልም መክፈቻ ላይ የሚታዩትን ጠመዝማዛ ቅርጾች ከሶል ባስ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ጆን ዊትኒ፣ የተጠቀመበት መሣሪያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ ነበር። አውሮፕላን ለመጣል የተሠራ ማሽን ሥዕል ሲሥል ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ይኸው ሰው በ1960 ዓ.ም. ሞሽን ግራፊክስ የሚል ስም የሰጠውን ኩባንያ አቋቋመ።

ስለ ፕሮግራሙና ስለ ካርዱ

ዛሬ በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ፕሮግራም አፍተር ኢፌክትስ ነው። በጥር 1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ በተባለች ከተማ የነበረ አንድ አነስተኛ ኩባንያ አወጣው፤ በዚያው ዓመት አልደስ የተባለ ድርጅት ገዛው፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ አዶቢ አልደስን ሲጠቀልል ፕሮግራሙም አብሮ ወደ አዶቢ ዞረ። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ገዝተው የሚያስቀምጡት ዕቃ አይደለም። በየወሩ ወይም በየዓመቱ ኪራይ ይከፈልበታል። ኪራዩን ከመክፈል በፊት ለሰባት ቀን በነፃ መሞከር ይፈቀዳል፤ በእነዚህም ሰባት ቀኖች ውስጥ ፕሮግራሙ አንዳችም ነገር ሳይጎድለው በሙሉ ኀይሉ ይሠራል።

ነገር ግን «ነፃ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ለመመዝገብ የክፍያ ካርድ ቁጥር ይጠየቃል። ሰባቱ ቀን ሲያልፍ፣ ተጠቃሚው ራሱ ካልሰረዘ በስተቀር ኪራዩ ከካርዱ ላይ ይቆረጣል። ከዚህም በላይ፣ በየወሩ የሚከፈል የሚመስለው አንደኛው ውል በእርግጥ የአንድ ዓመት ውል ነው፤ መጀመሪያ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ካልተሰረዘና ከዚያ ወዲያ ማቋረጥ ከተፈለገ የማቋረጫ ቅጣት አለው። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ይህን ቅጣት በሚገባ ግልጽ አላደረገም ብሎ ኩባንያውን ከሶ ነበር። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ለመግባት አይደለም የምንጽፈው። የውሉን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ ለማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ መናገር ግዴታችን ነው። ብዙዎቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለንም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገን አንድ ሌላ ፕሮግራም ለመሞከር በፈለግን ጊዜ፣ ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውን የአንደኛውን ጓደኛችንን ታላቅ እኅት ካርድ ለመንን። እርሷም ያለ ብዙ ጥያቄ ቁጥሩን ሰጠችን። ፈተና ደረሰ፤ ፕሮግራሙንም ቀኑንም ረሳን። ገንዘቡ ተቆረጠ። በዚያ ወር ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ስለ ጎደለ ነው ነገሩ የታወቀው። ወንድሟ ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልን» ሲላት «እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ስትረሱ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችው። ምን እንመልስ! መርሳታችንን ራሱን ረስተን ነበር። ከስድስት ሆነን ከኪሳችን አዋጥተን በሦስት ወር መለስንላት።

ዘንድሮ ስለ ዓባይ ካርታ በነገርናት ጊዜ ካርዱን እንደገና ሰጠችን፤ ግን አንድ ነገር አዘዘች፤ «የሚሰረዝበትን ቀን ሁላችሁም የምታዩት ቦታ ላይ ጻፉት» አለች። በመኝታ ክፍላችን በር ላይ በጠመኔ ጻፍነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «በፍላሽ የሚዞረውን ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ለምን አትጭኑም?» ይሉናል። ይህን የሚያደርጉ ብዙ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ለመስበክም አንፈልግም። ይሁን እንጂ ከእኛው መካከል አንዱ በዚህ ዓይነት ቅጂ ውስጥ ተደብቆ በመጣ ቫይረስ ምክንያት ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፉን አጥቷል። ፕሮግራሙ የተሰረቀ ከመሆኑ ሌላ፣ ማን ምን እንደ ጨመረበት የሚያውቅ የለም። እንዲሁም ሰባቱ ቀን ባለቀ ቁጥር በሌላ ስም እየተመዘገቡ የሙከራውን ጊዜ ማራዘም ውሉን ማፍረስ ስለሆነ ያንንም አልፈለግነውም። በሰባት ቀን የማያልቅ ሥራ ከሆነ፣ ሥራውን ማሳጠር ነው።

ሰዓቱ ከመቁጠሩ በፊት

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰባቱ ቀን የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ከተጫነበት ሰዓት ሳይሆን ከተመዘገቡበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ፣ ኢንተርኔቱ በደከመበት ቀን የተመዘገበ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቀን በመጠበቅ ብቻ ያባክናል። እኛ የተመዘገብነው ዓርብ ሌሊት፣ መሥመሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው። ሲነጋ ተጭኖ አገኘነው።

ኮምፒዩተሩንም አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ኩባንያው ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ 32 ቢሆን ይመርጣል። ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሙሉ ሥዕል በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነት አራት ባይት ቢይዝ፣ አንዱ ሥዕል ብቻ 8 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በሴኮንድ 25 ሥዕሎች ሲያልፉ፣ የ20 ሴኮንድ ፊልም 500 ሥዕሎች ነው፤ ይህም 4 ጊጋባይት ያህል መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ፊልሙን ሲያሳየን እነዚህን ሁሉ ሠርቶ በራሙ ውስጥ ያከማቻል። ደካማ ኮምፒዩተር ያለው ሰው በሚሠራበት ጊዜ የእይታውን ጥራት ወደ ግማሽ ዝቅ ቢያደርገው፣ ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ስለሚቀንስ ሥራው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የመጨረሻው ፊልም በዚህ ምክንያት ጥራቱ አይቀንስም።

ከመመዝገባችን በፊት ባለው ሳምንት ውስጥ ፊልሙን በሙሉ በወረቀት ሣልነው። ሃያ ሴኮንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ሴኮንዶች ባዶው ካርታ ይታያል። ከ3ኛው እስከ 13ኛው ሴኮንድ ሰማያዊው መሥመር ከጣና ተነሥቶ ይጓዛል፤ በደረሰበት ሁሉ የቦታው ስም ይወጣል፦ ጢስ ዓባይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ ካርቱም። የቀረው ጊዜ ልጆቹ ረጋ ብለው እንዲያዩት ነው። ካርታውን ናቹራል ኧርዝ ከተባለው፣ ማንም በነፃ ሊገለገልበት ከሚችለው የካርታ ስብስብ ወሰድን። ድምፁን በስልክ ቀዳን። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው ካርዱ የተነካው።

ሥራው ሲጀመር

ፕሮግራሙ ሲከፈት በጣም ያስፈራል። መስኮቶቹ ብዙ፣ ቁልፎቹ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለጀማሪ የሚያስፈልጉት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። መጀመሪያ አዲስ ኮምፖዚሽን ይከፈታል፤ ይህ ሥራው የሚሠራበት ሸራ ነው። የሸራውን መጠን፣ በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሚያልፍና ፊልሙ ስንት ሴኮንድ እንደሚሆን ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሥዕል ወይም ጽሑፍ ሁሉ ሌየር ይባላል። ሌየሮች እንደ ተነባበሩ መስተዋቶች ናቸው፤ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይሸፍናል። ከሥር ያለው ረጅም ሠንጠረዥ ታይምላይን ሲሆን፣ የትኛው ሌየር በየትኛው ሴኮንድ እንደሚታይ ያሳያል።

እያንዳንዱ ሌየር አምስት መሠረታዊ ጠባዮች አሉት፦ የሚዞርበት እምብርት፣ ያለበት ቦታ፣ መጠኑ፣ አዟዟሩ፣ ግልጽነቱ። በሰሌዳው ላይ ኤ፣ ፒ፣ ኤስ፣ አር፣ ቲ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች በተራ ሲነኩ እነዚህ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እምብርቱን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። በር የሚዞረው በመሐሉ አይደለም፤ በማጠፊያው ነው። እምብርቱን በትክክለኛው ቦታ ያላኖረ ሰው ቀስቱን አዙራለሁ ሲል ቀስቱ ከሸራው ወጥቶ ይጠፋበታል። እኛም ጠፍቶብን ሩብ ሰዓት ፈልገነዋል።

ከእያንዳንዱ ጠባይ ስም አጠገብ ትንሽ የሰዓት ምልክት አለ። እርሷ ስትነካ ፕሮግራሙ «በዚህ ሴኮንድ ይህ ሌየር እዚህ ቦታ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ይህ ምዝገባ ኪይፍሬም ይባላል። ወደ ሌላ ሴኮንድ ሄደን ሌየሩን ብናንቀሳቅሰው ሁለተኛው ኪይፍሬም በራሱ ይመዘገባል። በሁለቱ መካከል ያሉትን ሥዕሎች የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ነው። ቀድሞ በካርቱን ፊልም ቤቶች ዋናው ሠዓሊ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ይሥልና፣ መካከሉን የሚሞሉት በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠሩ ረዳቶች ነበሩ። አሁን ያንን የረዳቶች ሥራ ማሽኑ ወርሶታል።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልንቆይ እንወዳለን፤ ምክንያቱም የጀማሪን ሥራ ከባለሙያ ሥራ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። አንድ ጽሑፍ በ25 ፍሬም፣ ማለት በአንድ ሴኮንድ፣ 1000 ነጥብ ያህል ወደ ቀኝ እንዲሄድ አዘዝነው እንበል። ኮምፒዩተሩ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው 1000ን ለ25 አካፍሎ በእያንዳንዱ ፍሬም 40 ነጥብ ያራምደዋል። በ5ኛው ፍሬም 200፣ በ10ኛው 400፣ በ15ኛው 600፣ በ20ኛው 800፣ በ25ኛው 1000 ላይ ይገኛል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ዓይን ግን አይቀበለውም። ጽሑፉ ሳይዘጋጅ ይነሣል፣ ግድግዳ እንደ መታ ኳስ ድንገት ይቆማል።

አንበሳ አውቶቡስ ከፌርማታ ሲነሣ ተመልከቱ። በመጀመሪያ ቀስ ይላል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የሚቀጥለው ፌርማታ ሲቃረብ እንደገና ይቀዘቅዛል። (ሹፌሩ ካልተናደደ በስተቀር።) ክብደት ያለው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለቱን ኪይፍሬሞች መርጠን ኤፍ 9 የተባለውን ቁልፍ ብንነካ፣ ይህንኑ አካሄድ ይሰጠናል፤ ስሙም ኢዚ ኢዝ ነው። ሒሳብ የሚወዱ ጓደኞቻችን ቀመሩን ሊመረምሩት ይችላሉ፦ ያለፈውን የጊዜ ክፍልፋይ ወስዶ፣ የካሬውን ሦስት እጥፍ ከክዩቡ ሁለት እጥፍ ላይ ማመዛዘን ነው፤ ማለት ከፊተኛው ላይ ኋለኛውን መቀነስ። በ5ኛው ፍሬም ያለፈው ጊዜ አንድ አምስተኛ፣ ማለት 0.2 ነው። ካሬው 0.04፣ ሦስት እጥፉ 0.12፤ ክዩቡ 0.008፣ ሁለት እጥፉ 0.016፤ ልዩነቱ 0.104 ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፋችን በ5ኛው ፍሬም በ200 ፈንታ 104 ላይ ብቻ ነው። በ10ኛው 352፣ በ15ኛው 648፣ በ20ኛው 896፣ በ25ኛው 1000 ይደርሳል። በመሐሉ ላይ በአንድ ፍሬም 60 ነጥብ ያህል ይሮጣል፤ በጫፎቹ ላይ ሊቆም ይቃረባል። ጠቅላላ ጊዜው አልተለወጠም፤ መንገዱም ያው ነው፤ ዓይን ግን ክብደት ያያል። የዲስኒ ሠዓሊዎች ይህን በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ከእነርሱ ሁለቱ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከአሥራ ሁለቱ የሙያ ሕጎች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል።

ይህን የተማርነው በመጀመሪያው ቀን ነበርና በደስታ ሁሉንም ነገር ኢዚ ኢዝ አደረግነው። ወንዙንም ጭምር። በማግስቱ ስናየው ዓባይ ካርቱም ሲደርስ እንደ ደከመው ሰው ቀስ እያለ ይቆማል። የዓባይ ውሃ ግን ካርቱም ላይ አይቆምም፤ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥላል። ስለዚህ የወንዙን መሥመር ወደ እኩል ፍጥነት መለስነው። ለስሞቹ ብቻ ኢዚ ኢዝ ተውንላቸው።

መሥመሩ እንዲጓዝ

የሚያድግ መሥመር መሥራት ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነው። ምንም ሌየር ሳይመረጥ የብዕሩ መሣሪያ ይወሰድና በካርታው ላይ የወንዙ መንገድ ነጥብ በነጥብ ይሣላል። ይህ ሼፕ ሌየር ይባላል። ውስጡን የሚሞላው ቀለም መጥፋት፣ የመሥመሩ ቀለም ብቻ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ጎጃም በሙሉ ሰማያዊ ሐይቅ ይሆናል። ከዚያ በሌየሩ ላይ «አድ» ከሚለው ዝርዝር «ትሪም ፓዝስ» የሚለው ይጨመራል። ይህም «መጀመሪያ» እና «መጨረሻ» የሚሉ ሁለት መቶኛዎች አሉት። መጨረሻውን በ3ኛው ሴኮንድ 0፣ በ13ኛው ሴኮንድ 100 ብለን ኪይፍሬም ስንሰጠው መሥመሩ ከተሣለበት የመጀመሪያ ነጥብ ተነሥቶ እያደገ ይሄዳል። 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወንዝ በ10 ሴኮንድ አለቀ ማለት ነው።

«ከተሣለበት የመጀመሪያ ነጥብ» ያልነውን ልብ በሉ። መሥመሩን የሣለው ጓደኛችን ብዕሩን ካርቱም ላይ አስነሥቶ ጣና ላይ ነበር የጨረሰው። ስናስኬደው ውሃው ከካርቱም ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጣና ወጣ። የልጅቷን ስሕተት ለማረም የተነሣን ሰዎች ያንኑ ስሕተት በፊልም ሠራነው! መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው፤ መጨረሻውን 100 ላይ ትቶ «መጀመሪያ» የሚለውን ከ100 ወደ 0 ማስኬድ፣ ወይም የመንገዱን አቅጣጫ የሚገለብጠውን ቁልፍ መንካት ይበቃል።

ስለ ፊደላችን

በዚህ ፕሮግራም የሚያስተምሩት ትምህርቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ አማርኛ ስንጽፍ የሚያጋጥመንን ራሳችን መፈለግ ነበረብን። የመጀመሪያው ችግር ፊደሉ ፈጽሞ አለመታየቱ ነው። የተመረጠው የፊደል ቅርጽ ግዕዝ ከሌለው በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ይወጣል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መጫን አለባቸው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች የተጻፈን ጽሑፍ ቀድቶ ማስገባት ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ያመጣል፤ ምክንያቱም እነዚያ መጻፊያዎች በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ የግዕዝን መልክ ነበር የሚያለብሱት። እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ችግር ሳይሆን ልዩነት ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ጽሑፍን ፊደል በፊደል ብቅ እንዲል ማድረግ ይቻላል። «ኢትዮጵያ» በእኛ አምስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስምንት ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ አንድ ፊደል ብቅ ሲል አንድ ድምፅ ሙሉውን ይመጣል። ስለዚህ ለላቲን የተመጠነውን ጊዜ ለአማርኛ ብንሰጠው እያንዳንዱ ፊደል ከልክ በላይ ይቆያል፤ ጽሑፉም የሚንተባተብ ይመስላል። እኛ አንዱን ፊደል በ3 ፍሬም ብናወጣው ከአንባቢው አፍ ጋር እኩል ሲሄድ አየን። ልጆቹ ስሙን እየተከተሉ ጮክ ብለው ማንበብ ቻሉ። በላቲን ይህ አይሆንም፤ ፊደሉ ብቻውን ድምፅ አይሰጥምና። እንዲሁም ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ የአንድን ስም ክብደት ለማሳየት ውፍረቱን ወይም መጠኑን መለወጥ እንጂ እንደ እንግሊዝኛው ሁሉንም በትልቁ መጻፍ አይቻልም። ካርቱምን ቀጭን፣ ዓባይን ወፍራም አድርገን ለየናቸው።

መብራት ሲጠፋ

በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ፕሮግራሙ በየጊዜው በራሱ እንዲያስቀምጥ ይታዘዛል፤ ይህንን ወደ 5 ደቂቃ አሳጥረነው ስለነበር የጠፋብን ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ግን ሥራው አልቆ ፊልሙ በሚወጣበት ሰዓት ሲጠፋ ነው። ፊልሙ እንደ አንድ ቪዲዮ በሚወጣበት ጊዜ መሐል ላይ ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ይበላሻል። ስለዚህ እኛ ፊልሙን እንደ ፒኤንጂ ሥዕሎች ተከታታይ አወጣነው፤ ማለት 500 የተለያዩ ሥዕሎች። በ312ኛው ላይ መብራት ቢጠፋ 312ቱ በዲስክ ላይ ይቀራሉ፤ «ያሉትን ዝለል» የሚለውን ምርጫ አድርገን ከ313ኛው መቀጠል ነው። በመጨረሻ ሥዕሎቹን መልሶ በማስገባት ወደ አንድ ቪዲዮ መለወጥ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የሙከራው ጊዜ ካለፈ በኋላ የፕሮጀክቱ ፋይል በእጅ ቢኖርም የሚከፍተው ፕሮግራም የለም። ሥዕሎቹ ግን በየትኛውም ኮምፒዩተር ይከፈታሉ። በተጨማሪም «ኮሌክት ፋይልስ» የሚለው ትእዛዝ ካርታውን፣ ድምፁንና ፕሮጀክቱን በአንድ አቃፊ ይሰበስባል፤ ወደፊት ኪራይ መክፈል የሚችል ሰው ቢገኝ ከተውንበት ይቀጥላል።

ገንዘብም ካርድም የሌለው ጓደኛችን ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ፣ ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ለዘለዓለም በነፃ የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ሊዘጋ በደረሰ ጊዜ ወዳጆቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱ ለሕዝብ እንዲሆን አድርገዋል። ከባድ ነው፤ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ይበልጥ ይስማማዋል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነፃ ቅጂ አለው፤ በውስጡ ፊውዥን የሚባል ክፍል አለ፤ ኪይፍሬምም እኩል ይገኝበታል። አፍተር ኢፌክትስን የመረጥነው ሥራ የሚቀጥሩ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት እርሱን ስለሆነና ትምህርቱም ብዙ ስለሆነ ነው። የገዛ ሰባት ቀን የሌለው ሰው ግን በሪዞልቭ ቢጀምር ከላይ የተናገርነው ስለ አንበሳ አውቶቡስ ሁሉ ያገለግለዋል።

በስድስተኛው ቀን ማታ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ቀን፣ ፊልሙ መውጣቱን በሁለት ፍላሽ ላይ አረጋግጠን ምዝገባውን ሰረዝን። ከተሰረዘ በኋላ ፕሮግራሙ በዚያው ሰዓት ሊዘጋ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት፤ ሰባተኛውን ቀን መጠበቅም አያስፈልግም፤ የሰዓት ልዩነት አለና። የመሰረዙን ማረጋገጫ መልእክት ወዲያውኑ ለእኅታችን ላክንላት። «ፊልሙንስ?» አለች። ላክንላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሠሪዎቿ ልጆች ሁለት ጊዜ እንዳዩትና ስለ ጢስ ዓባይ እንደ ጠየቋት ጻፈችልን።

በትምህርት ቤቱ ፊልሙን በግድግዳ ላይ አሳየን። ያቺ ልጅ አሁንም እጅዋን አነሣች። «ለምን በቀጥታ አይሄድም? ለምን ይዞራል?» አለች። መሥመሩ ከጣና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ፣ ጎጃምን ከብቦ ወደ ምዕራብ መመለሱን አይታ ነው። የጮቄን ተራራ በካርታችን ላይ አልሣልነውም ነበር።

ካርታው፣ ድምፁና ፕሮጀክቱ ያሉበት አቃፊ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል። ተራራውን ለመጨመር የራሱን ሰባት ቀን የሚጀምር ጓደኛ ካለ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ ጠመኔም አለን።